ከ40 በላይ ሲቪ አስገብቼ ለፈተና የተጠራሁት 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲቪዬ ላይ ምን ጎድሏል?

ሂሳብ ሠራተኛዋ፣ አዲስ አበባ (ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በአካውንቲንግና ፋይናንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄያለሁ። ከኅዳር 2012 እስከ ኅዳር 2015 መርካቶ በሚገኝ አንድ የምግብ ሸቀጦች ጅምላ አከፋፋይ ዘንድ በሂሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ፤ ከጥር 2017 ወዲህ ደግሞ ቃሊቲ አካባቢ ባለ ፋብሪካ ውስጥ በተመሳሳይ ሥራ ላይ እገኛለሁ። ካለፈው መጋቢት ጀምሮ በጋዜጣ፣ በኢትዮጆብስና በቴሌግራም የሚወጡ ማስታወቂያዎችን እየተከታተልኩ ከ40 በላይ ቦታዎች ላይ አመልክቻለሁ። ለጽሑፍ ፈተና የጠሩኝ ግን ሁለት ድርጅቶች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም ፈተናዎች አልፌ በቃለ መጠይቅ ቀርቻለሁ። ፈተናውን ማለፍ ከቻልኩ፣ ወደ ፈተናው የማያደርሰኝ ሲቪው መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ።

ሲቪዬን ያሠራሁት አራት ኪሎ አካባቢ ካለ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ነው። ልጁ ስሜን፣ ትምህርቴንና የሠራሁባቸውን ቦታዎች ጠይቆ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ሞላልኝ። 5 ገጽ ነው፤ ጥግ ጥጉ ያጌጠ ክፈፍና ጉርድ ፎቶግራፍ አለው፤ የጋብቻ ሁኔታ፣ የጤና ሁኔታና የትርፍ ጊዜ ዝንባሌም ተጽፎበታል። የመጀመሪያው ሥራዬ የተገለጸው በዚህ መልኩ ነው፦ «የሂሳብ ሰነዶችን ማዘጋጀት፣ መዝገብ መያዝ፣ እንዲሁም ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ማከናወን።» በቅጥር ሥራ ላይ ያላችሁ አባላት ጉድለቱን ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

የቅጥር ባለሙያ

እህቴ፣ ጥያቄሽን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ላለፉት 11 ዓመታት፣ በመጀመሪያ በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ቀጥሎም በግል ኩባንያ ውስጥ በሠራተኛ ቅጥር ላይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ሲቪሽ እኛ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ልንገርሽ፤ ምክንያቱም አብዛኛው አመልካች የሚጽፈው አንድ ሰው ረጋ ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንደሚያነብለት አስቦ ነው።

ባለፈው ዓመት ለአንድ የሂሳብ ባለሙያ ቦታ ማስታወቂያ አውጥተን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ 312 ማመልከቻ ደረሰን። ያጣራነው ሁለት ሰዎች ነን። ከሲቪው ጎን ሁልጊዜ የሚከፈት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የማጣሪያ ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዡ ላይ የትምህርት ዓይነትና ደረጃ፣ የምረቃ ዓመት፣ አግባብ ያለው የሥራ ልምድ በዓመትና በወር፣ የሚታወቅ የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ከዚያም በማስታወቂያው ላይ የተጠየቁ ልዩ መስፈርቶች የየራሳቸው ዓምድ አላቸው። የእኔ ሥራ ከሲቪው ውስጥ እየፈለግሁ እነዚያን ዓምዶች መሙላት ነው። ለአንዱ አመልካች ብዙ ደቂቃ ልሰጠው ስለማልችል፣ የምፈልገው ነገር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካልታየኝ ዓምዱ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ የቀረ ዓምድ ደግሞ ችሎታው እንደሌለ ተደርጎ ይቆጠራል። በልቤ «ይህች ልጅ ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ሳታውቅ አትቀርም» ብዬ ልገምት እችላለሁ፤ ግምቴን ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር አልችልም።

ስለዚህ ጎልቶ የሚታየን ሲቪ የምንለው፣ ሰንጠረዡን ሳንፈልግ እንድንሞላ የሚያስችለንን ነው። ክፈፉና ቀለሙ በዚህ ረገድ ምንም አይረዳንም፤ እንዲያውም ከዚያው አካባቢ የሚመጡ ሲቪዎች በክፈፋቸው ጭምር ስለሚመሳሰሉ እርስ በርሳቸው ይደበላለቁብናል። የጤና ሁኔታሽንና የትርፍ ጊዜ ዝንባሌሽን አውጪያቸው። 5 ገጹ 2 ገጽ ይሁን። ማስታወቂያው ፎቶግራፍ ካልጠየቀ ፎቶግራፉም ይቅር።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። እዚህ የሥራ ዘመንሽን በእኛ አቆጣጠር ጽፈሽልናል፤ ሲቪው ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር እንዴት ነው የሰፈረው?

ታዛቢ

የምትሉት ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። በዚህች አገር ሰው ከሌለህ ሲቪህ በወርቅ ቀለም ቢጻፍም ዋጋ የለውም። ብዙ ማስታወቂያ የሚወጣው ቀጣሪው ሰው ካዘጋጀ በኋላ ለደንቡ ያህል ነው። ይህችን እህት ሲቪሽን አስተካክዪ ብሎ ከማድከም ይልቅ፣ የሚያውቃትን ሰው እንድትፈልግ መምከር ይሻላል ባይ ነኝ።

የቅጥር ባለሙያ

ወንድሜ፣ የተናገርከው ነገር የለም ብዬ አልከራከርህም፤ አለ፤ እኔንም በተደጋጋሚ አሳዝኖኛል። ሆኖም በሠራሁባቸው ዓመታት ከዘመድ አዝማድ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖራቸው፣ በላኩት ወረቀት ብቻ ተጠርተው፣ ተፈትነውና ተቀጥረው ዛሬ ክፍል የሚመሩ ሰዎችን አውቃለሁ። ለዚህች እህት የሚጠቅማትም በእጇ ያለውን ማስተካከል ነው። ደግሞም «ሰው» ማለት የግድ አማላጅ ማለት አይደለም። አብሯት የሠራ ኦዲተር «ይህች ልጅ ሥራዋን ታውቃለች» ብሎ ቢጠቁማት ነውር የለበትም፤ ያ ጠቋሚም ቢሆን በእጁ የሚያስተላልፈው ጥሩ ሲቪ ያስፈልገዋል።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፣ አዲስ አበባ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲቪዬን አሁን ከፍቼ አየሁት። የመጀመሪያው ሥራ «2020 – 2022» ይላል፤ ወር አልተጻፈበትም። የአሁኑ ሥራዬ «ከ2025 ጀምሮ» ይላል።

የቅጥር ባለሙያ

እንግዲያው አንዱ ትልቅ ጉድለት ተገኝቷል፤ እባካችሁ ሌሎቻችሁም የየራሳችሁን ሲቪ አውጥታችሁ ይህን ተመልከቱ።

በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይሆናል። ኅዳር 2012 ማለት እንግዲህ በእነርሱ ኖቬምበር 2019 ነው። ጽሑፍ ቤቱ በአንደኛው ዓመት ላይ 8፣ በሌላው ላይ 7 ደምሮልሻል። በዚህ ምክንያት ከኖቬምበር 2019 እስከ ኖቬምበር 2022 የሆነው ሙሉ 3 ዓመትሽ «2020 – 2022» ተብሎ ተጻፈ። ወር ስለሌለው እኔ በሰንጠረዡ ላይ 2 ዓመት ብዬ እሞላዋለሁ። የአሁኑ ሥራሽ 10 ወር ነው። ማስታወቂያው «ቢያንስ 3 ዓመት» ካለ፣ 3 ዓመት ከ10 ወር የሠራሽው አንቺ 2 ዓመት ከ10 ወር ተብለሽ በመጀመሪያው ዙር ትወድቂያለሽ። ስንት ቦታ በዚህ ብቻ እንደቀረሽ ማን ያውቃል?

በየሥራው ላይ ወርና ዓመት ጻፊ፤ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይም «በሂሳብ ሥራ 3 ዓመት ከ10 ወር ልምድ» የሚል አንድ መስመር አስቀምጪ። ደምሮ ማግኘቱን ለአጣሪው አትተዪው። ከሥራ ልምድ ማስረጃሽ ጋርም ቀን በቀን አመሳክሪው፤ ደብዳቤው በእኛ፣ ሲቪው በእነርሱ አቆጣጠር ሆኖ ሲጣረሱ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው አመልካቹ ነው።

የኦዲት ባለሙያ

ስለ ቀኑ የተባለው እኔም ሳላስተውለው የቆየሁት ጉዳይ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ሥራ ዝርዝሩ ልናገር። «ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ማከናወን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሥራ መዘርዝር የተገለበጠ ነው። የሥራ መዘርዝር ደግሞ የሚናገረው ከማንኛውም የሂሳብ ሠራተኛ ስለሚጠበቀው ሥራ ነው፤ አንቺ በተለይ የሠራሽውን አይነግረንም። እስኪ አንድ ወር ውስጥ በእጅሽ የሚያልፈውን ሥራ ከነቁጥሩ ጻፊልን። ስንት ሠራተኛ ደመወዝ ትሠሪያለሽ? ስንት የባንክ ሂሳብ ታስታርቂያለሽ (መዝገባችሁን ከባንኩ መግለጫ ጋር ታመሳክሪያለሽ)? ቫት የሚያሳውቀው ማን ነው?

ሂሳብ ሠራተኛዋ፣ አዲስ አበባ

መርካቶ በነበርኩበት ጊዜ የ46 ሠራተኞችን ደመወዝ በፒችትሪ የምሠራው እኔ ነበርኩ። የሥራ ግብሩን፣ የጡረታ መዋጮውን (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) እና ቫቱን በየወሩ አሳውቃለሁ፤ በ3 ዓመት ውስጥ በመዘግየት የተቀጣንበት ወር አልነበረም። ስገባ የ3 ባንኮች ሂሳብ ለ2 ዓመት ሳይታረቅ ቆይቶ ነበር፤ ደረሰኞቹ በካርቶን ታጭቀው ግምጃ ቤት ውስጥ ነበሩ። ከሥራ ሰዓት ውጭም እየቆየሁ በ5 ወር ጨረስኩት፤ በዚያውም ለአንድ ደንበኛ በስህተት ሁለት ጊዜ የተከፈለ 184,000 ብር ተገኝቶ ተመለሰ። ይህን ሲቪ ላይ መጻፍ ግን ራስን ማመስገን መስሎኝ አፈርኩ። ሥራዬን ሠራሁ እንጂ ምን አዲስ ነገር አደረግሁ?

የኦዲት ባለሙያ

ይህችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገርሽን ደጋግሜ አነበብኳት፤ የብዙዎቻችን ችግር እርሷ ውስጥ አለች። ከልጅነታችን ጀምሮ «ራስህን አታመስግን፣ ሌላ ያመስግንህ» እየተባልን አድገናል፤ መልካም አስተዳደግ ነው፤ በሰው ፊት ስንቀመጥ ያስከብረናል። ነገር ግን ልብ በዪ፤ «ታታሪ፣ ቅንና በቡድን መሥራት የምችል ነኝ» ብሎ መጻፍ ነው ራስን ማመስገን የሚባለው፤ ያንን ደግሞ ሁሉም ሰው ሳያፍር ይጽፈዋል። «የ46 ሠራተኞችን ደመወዝ ሠርቻለሁ» ማለት ምስጋና የለበትም፤ የተደረገ ነገር ነው፤ መዝገቡ ይመሰክራል። እኛ ኦዲተሮች ደግሞ የምናምነው መዝገብን ነው።

የተናገርሽውን እንዲህ አድርጌ አሳጥሬዋለሁ፤ ሲቪሽ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ቁም ነገሩን ይዘሽ ተርጉሚው፦

«ለ2 ዓመት ሳይታረቅ የቆየ የ3 ባንኮች ሂሳብ በ5 ወር አስታርቄያለሁ፤ በዚህም ሁለት ጊዜ የተከፈለ 184,000 ብር እንዲመለስ ሆኗል።»

«የ46 ሠራተኞችን ወርሃዊ ደመወዝ በፒችትሪ በማዘጋጀት፣ የሥራ ግብር፣ የጡረታ መዋጮና ቫት ለ3 ዓመት ያለ መዘግየት ቅጣት አሳውቄያለሁ።»

የባንኩን ከደመወዙ በፊት ያደረግሁት በምክንያት ነው። ደመወዝ መሥራት የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ፈትሾ መዝገብ ማስተካከል ግን ከጥቂቶች በቀር ማንም የሚገባበት አይደለም፤ ቀጣሪ ቢሮው ውስጥ እንዲህ ያለ ካርቶን ሳይኖረው አይቀርም። የድርጅቱን ምሥጢር የሚያወጣ ዝርዝር ግን፣ ለምሳሌ የደንበኛውን ስም፣ አትጻፊ።

አዲስ ምሩቅ፣ ባሕር ዳር

በውይይታችሁ መካከል በመግባቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ በሲቪል ምሕንድስና በ2017 ዓ.ም. ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። እናንተ ስለ ልምድ ትነጋገራላችሁ፤ እኔ ግን ሲቪዬ ላይ ከስሜ፣ ከዩኒቨርሲቲዬና ከነጥቤ ሌላ የምጽፈው የለኝም። ገጹ እንዳይጎድል ብዬ በቻትጂፒቲ አንድ ሙሉ አንቀጽ አስጽፌ ጨምሬበታለሁ። ምን ላድርግ?

ሳይት መሐንዲስ

ወንድሜ፣ እንኳን ለመመረቅ አበቃህ። የመውጫ ፈተናው በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ዲግሪውን የያዘ ምሩቅ ሁሉ ያለፈው ስለሆነ፣ እርሱ ብቻውን ከሌላው አይለይህም፤ ማስታወቂያዎች ስለሚጠይቁት ግን ማለፍህን በአንድ መስመር አስፍር። ያንን አንቀጽ አውጣው። በቅርቡ ለሳይታችን ጀማሪ መሐንዲስ ስንፈልግ ያንኑ የመሰለ መግቢያ በሦስት ሰዎች ሲቪ ላይ፣ ቃል በቃል ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አግኝተናል። ሦስቱም ምናልባት ጎበዞች ነበሩ፤ ማናቸው ምን እንደሆኑ ግን ልናውቅ አልቻልንም።

ኢንተርንሺፕ የወጣኸው የት ነበር? እዚያ ምን ስትሠራ ዋልክ?

አዲስ ምሩቅ፣ ባሕር ዳር

አንድ ባለ ጂ+4 ሕንፃ ሳይት ላይ ነበርኩ። ብዙም የሚሰጠኝ ሥራ አልነበረም። ፎርማኑ የሚገባውን ፌሮ በዲያሜትር በዲያሜትር እየለየሁ እንድቆጥርና ሲሚንቶ ሲወጣ እንድመዘግብ አደረገኝ። የሁለተኛውን ወለል የኮንክሪት መጠን ከፕላኑ ላይ አስልቼ በቴክ ኦፍ ሺት (የመጠን ማስያ ቅጽ) ሠርቼ ነበር፤ ከቢሮው መሐንዲስ ስሌት ጋር የአንድ ኮለም ልዩነት ተገኝቶ ስንፈትሽ፣ ፕላኑ ላይ ተሻሽሎ ሳለ እነርሱ ጋ ያልተስተካከለ ሆኖ ተገኘ።

ሳይት መሐንዲስ

ታዲያ «የምጽፈው የለኝም» ያልከው ይህንን ይዘህ ነው? ጀማሪ ስቀጥር የምፈራው የማያውቀውን ሰው አይደለም፤ ማወቅ ሳይት ላይ ይመጣል። የምፈራው ሳይቆጥር «ቆጥሬያለሁ» የሚለውን ነው። ፌሮ በዲያሜትር ለይቶ የቆጠረ፣ በራሱ እጅ ቴክ ኦፍ ሺት ሠርቶ ከቢሮው ስሌት ጋር ያስተያየ ልጅ ለእኔ በነጥብ ከሚበልጠው ይቀድማል። ኢንተርንሺፕህን እንደ አንድ ሥራ ቆጥረህ የሕንፃውን ዓይነት፣ የቆየህበትን ጊዜ በወር፣ የቆጠርከውንና ያሰላኸውን፣ የተጠቀምክበትን ሶፍትዌር ጻፍ። የኮለሙንም ነገር ጻፈው፤ «ቢሮው ተሳሳተ» በሚል አነጋገር ሳይሆን፣ «ከተሻሻለው ፕላን ጋር በማመሳከር ልዩነት ለይቻለሁ» በሚል። ሲቪህ 1 ገጽ ብቻ ቢሆን አትጨነቅ። ዋቢ አድርገህ የምትጽፋቸውን ሰዎች ግን፣ በተለይ ያንን ፎርማን፣ አስቀድመህ ደውለህ አስፈቅዳቸው። ዋቢ ተብሎ የተጻፈ ሰው ጋ ደውዬ «ማን ነው ያልከኝ?» የተባልኩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ከውጭ አገር ሆኜ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፤ በኋላ ወደ ውጭ ለሚያመለክቱ ይጠቅማል። እዚህ አሜሪካ ሥራ መፈለግ ስጀምር ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ሲቪ ከነፎቶግራፉ፣ ከነዕድሜዬና ከነጋብቻ ሁኔታዬ ነበር የምልከው። በኋላ አንዲት የሥራ አማካሪ፣ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ1967ቱ የዕድሜ መድልዎ ሕግ ምክንያት ቀጣሪዎች እንዲህ ያለ መረጃ ገና ከጅምሩ እጃቸው ላይ እንዲገባ እንደማይፈልጉ አስረዳችኝ። አውጥቼ ወደ 1 ገጽ አሳጠርኩት።

ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን ስሜ ነበር። በስሜ ውስጥ «ፀ» አለች። በዲግሪዬ ላይ በሁለት የላቲን ፊደላት፣ በፓስፖርቴ ላይ በአንድ ፊደል፣ በሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ ደግሞ በሌላ መንገድ ተጽፋለች። የአያቴ ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ሦስቱም የአንድ ሰው ሰነዶች መሆናቸውን ለማስረዳት ወራት ፈጅቶብኛል። ፓስፖርት ያላችሁ ሲቪያችሁን በፓስፖርቱ አጻጻፍ ጻፉ፤ ፓስፖርት ገና የምታወጡም ከዲግሪያችሁ ጋር እንዲገጥም አድርጉ።

የቅጥር ባለሙያ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ወገናችን የተናገሩት እዚህ አገር ቤትም ይሠራል። በኢሜይል ለሚልኩም አንድ ቃል፦ በስልክ ፎቶ የተነሣ ሲቪ አትላኩ፤ ፋይሉንም «ሲቪ የመጨረሻው 2» ብላችሁ አትሰይሙት። ከ312ቱ ውስጥ ስንቱ «ሲቪ» የሚል ስም ብቻ እንደነበረው አልቆጠርኩም፤ ወደ አንድ አቃፊ ስናወርዳቸው ግን አንዱ ሌላውን እየተካ አስቸግሮናል። ስማችሁንና የሥራ መደቡን ጻፉበት።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያመለክቱትን እስካሁን ካልነው ብዙው አይመለከታቸውም። እዚያ የሚታየው የትምህርት ማስረጃው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውና ፈተናው ነው። ከግል ድርጅት የሚመጣ የልምድ ደብዳቤ የሥራ ግብር መከፈሉን እንዲገልጽ ስለሚጠየቅ፣ ያ ዐረፍተ ነገር ከሌለበት የሠራችሁት ዓመት ሳይያዝላችሁ ሊቀር ይችላል።

የልምድ ደብዳቤ አሠሪው ደስ ሲለው የሚሰጠው ችሮታ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት።

በመጨረሻም አንድ ከባድ ነገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ቀጥረን ነበር፤ በሥራው እጅግ ጎበዝ ነበር። ከወዳጁ ድርጅት ያመጣው የ2 ዓመት የልምድ ደብዳቤ ግን ሐሰተኛ መሆኑ ለማረጋገጫ ስንጽፍ ታወቀ። ያለዚያ ደብዳቤ ለዝቅተኛው መደብ በደስታ እንቀጥረው ነበር። ስናሰናብተው ክሊራንሱን የፈረምኩለት እኔ ነኝ፤ ፊቱን እስካሁን አልረሳሁትም። ያልሠራችሁትን ወር እንኳ አትጨምሩ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፣ አዲስ አበባ (ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሲቪውን ራሴ ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ 2 ገጽ ሆነ። ስጽፍ ግን አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። በሁለቱ ሥራዎቼ መካከል ያሉት 14 ወራት ልጄን የወለድኩበትና ያሳደግሁበት ጊዜ ነው። ቀድሞ ወሩ ባለመጻፉ ክፍተቱ ተድበስብሶ ነበር፤ አሁን ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚያ ጊዜ የጎረቤቴን መድኃኒት ቤት ሂሳብ ማታ ማታ እሠራላት ነበር፤ ደብዳቤ ግን የለኝም። ልደብቀው ወይስ ልጻፈው?

የቅጥር ባለሙያ

ጻፊው፤ አትደብቂው። «ከዲሴምበር 2022 እስከ ጃንዋሪ 2024፣ በልጅ አስተዳደግ ምክንያት ከመደበኛ ሥራ ውጭ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ክፍተት የሚያስጠረጥረን ሳይብራራ ሲቀር ነው። የመድኃኒት ቤቱንም ሥራ ከሥሩ አስገቢ፤ ባለቤቷ የንግድ ፈቃድ ያላት ስለሆነች የሠራሽውን ጠቅሳ፣ ፈርማና ማኅተም አድርጋ ደብዳቤ እንድትሰጥሽ ጠይቂያት። ግብር ስላልተከፈለበት ከልምድ ዓመትሽ ጋር አትደምሪው፤ ከሙያሽ እንዳልራቅሽ ግን ያሳያል።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፣ አዲስ አበባ

እሺ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ወራቱን ከአቆጣጠሩ ጋር ሳመሳክር ግን ክፍተቱ ከዲሴምበር 2022 እስከ ጃንዋሪ 2025 ሆኖ አገኘሁት፤ 14 ወር ሳይሆን 26 ወር ማለት ነው። እኔም በአእምሮዬ አንድ ዓመት ስቼ ኖሬያለሁ፤ ትክክለኛውን ጽፌዋለሁ። ጎረቤቴ ደብዳቤውን ነገ ከሰዓት ልትሰጠኝ ቃል ገብታልኛለች። የመርካቶው ደብዳቤዬም የሥራ ግብር መከፈሉን እንደማይገልጽ ዛሬ ገና አስተዋልኩ፤ ሰኞ ጠዋት ሄጄ በአዲስ መልክ እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ። ማክሰኞ የሚዘጋ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ማስታወቂያ አለ፤ አዲሱን ሲቪ መጀመሪያ የማስገባው እዚያ ነው።